ግራ ጥርስ፤ የብስክሌት ጥገና ሙያ በእጅና በመጽሐፍ

የብስክሌት ቀኝ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ይጠብቃል፤ ግራው ፔዳል ግን ወደ ግራ ካልዞረ አይጠብቅም። ይህን የማያውቅ ሰው ግራውን ለመፍታት በታገለ ቁጥር ይበልጥ ያጠብቀዋል። በጥገና ቤት ያደገ ልጅ በዚህ አይቸገርም፤ «ሁለቱም ወደ ኋላ ነው የሚፈቱት» ተብሎ ተነግሮታልና ቁልፉን ከላይ አስገብቶ ወደ ኋላ ጎማ አቅጣጫ ይስበዋል። ምክንያቱን ግን ያስተማረው ሰው ራሱ ላያውቀው ይችላል። ጋላቢው በረገጠ ቁጥር ግፊቱ እየዞረ ብሎኑን ጥቂት በጥቂት ያንቀሳቅሰዋል፤ ጥርሱ ወደ ግራ የተቆረጠውም ይህ እንቅስቃሴ ፔዳሉን እንዲያጠብቅ እንጂ እንዳይፈታ ነው። ለዚህ ማብራሪያ መጽሐፍ ያስፈልጋል። ለመፍታቱ ግን አንዲት የቃል ትእዛዝ በቂ ናት።

ብስክሌት በተወለደበት ዘመን የሚነበብ የጥገና መጽሐፍ አልነበረም፤ የመጀመሪያዎቹ ጠጋኞችም ከሌላ ሙያ የመጡ አንጥረኞች፣ ቁልፍ ሠሪዎችና የስፌት መኪና ሠራተኞች ነበሩ። በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ የስፌት መኪና ይሠራ የነበረ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1869 ፊቱን ወደ ብስክሌት መለሰ። እ.ኤ.አ. በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ በዚያችው ከተማ ሁለት በመጠን የተቀራረቡ ጎማዎች ያሉትንና የኋላው ጎማ በካቴና የሚነዳውን ብስክሌት አወጣ፤ ዛሬ በመንገድ ላይ የሚታየው ብስክሌት የዚያ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ደግሞ ደንሎፕ የተባለው የእንስሳት ሐኪም በቤልፋስት በአየር የሚሞላውን ጎማ አስመዘገበ፤ ጎማ መለጠፍ የሚባለውም ሥራ አብሮት መጣ። አርቺባልድ ሻርፕ ስለ ብስክሌት አሠራር ሰፊውንና በስሌት የተደገፈውን መጽሐፉን በለንደን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1896 ነበር። እስከዚያ ድረስ ራጂ እየወጠሩ ጎማ የሚያቀኑ ባለሙያዎች ሥራውን ከጀመሩ ብዙ ዓመት አልፏቸዋል። እጅ ቀደመ፤ መጽሐፍ ተከተለ።

የሁለቱን ግንኙነት አሳምሮ የሚያሳየው በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት፣ በዴይተን ከተማ የነበረው የራይት ወንድማማቾች የብስክሌት ቤት ነው። ዊልበርና ኦርቪል ራይት አስቀድሞ አታሚዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1892 የብስክሌት ሱቅ ከፈቱ፤ በ1896 የራሳቸውን ብስክሌት መሥራት ጀመሩ፤ በ1900 ደግሞ በአገልግሎት ላይ የማይፈታ ፔዳል አለን ብለው አስተዋወቁ። ምሥጢሩም ያው ግራ ጥርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 ቻርሊ ቴይለር የሚባል መካኒክ ቀጠሩ። ለአውሮፕላናቸው የሚስማማ ቀላል ሞተር ከገበያ ባጡ ጊዜም ሥራውን ለእርሱ ሰጡት። የተሟላ ንድፍ አልነበረም። ሦስቱ ሰዎች ስለ አንድ ክፍል ተነጋግረው በብጣሽ ወረቀት ላይ ይስሉታል፤ ቴይለርም ወረቀቱን ከመሥሪያ ጠረጴዛው በላይ ሰክቶ እያየ ይሠራል። የሞተሩን ዋና ዘንግ ለማውጣት በብረት ሳንቃ ላይ ቅርጹን ሣለ፤ ዙሪያውን በመሰርሰሪያ በሳሳው፤ ትርፉን በመሮና በመዶሻ አራገፈው፤ ከዚያ በኋላ በማሽን አስተካከለው። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን በስድስት ሳምንት ተጠናቀቀ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 አውሮፕላኑ ሲነሣ የሞተሩን ኃይል ወደ ሁለቱ ፕሮፔለሮች ያስተላለፉት በብስክሌት አምሳያ የተሠሩ ጥርሶችና ካቴናዎች ነበሩ።

በቴይለር ጠረጴዛ ላይ የተሰካችው ወረቀት ምናልባት እውነተኛው የጥገና መጽሐፍ እርሷ ሳትሆን አትቀርም። አንባቢዋ የሚያውቀውን አልደገመችም፤ መዶሻ እንዴት እንደሚያዝ አልነገረችውም፤ የሰጠችው መጠንና ቅርጽ ብቻ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ በአሜሪካ የወጣው የሰዘርላንድ የብስክሌት መካኒኮች መመሪያ በባለሙያዎች ዘንድ የተወደደበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ገጾቹ የጥርስ ልክ፣ የራጂ ርዝመትና የመሳሰለው በሠንጠረዥ የተሰደረባቸው ናቸው። መጽሐፍ ጆሮ ሊሆን አይችልም። የኩሽኔታን መሻከር በጣት ጫፍ ማወቅን የሚያስተምር ገጽ የለም።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ሙያው በምን መንገድ እንደገባ ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ቸርኬ፣ ራጂ፣ ፍሬን፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፤ ሁሉም የጣሊያንኛ ዘር ናቸው። ከአሥመራና ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የወረራ ዘመን የወረዱት እነዚህ ቃላት በአብዛኛው በመጽሐፍ አልመጡም። መጽሐፍ ቢያመጣቸው ኖሮ የፊደል አጣጣላቸው ከባለ ቤቱ ቋንቋ ጋር ይቀራረብ ነበር፤ በጆሮ ተሰምተው በአፍ ስለ ተላለፉ ግን «ካሜራ ዳሪያ» የነበረው ካላማዳሪ ሆኖ ቀረ። ካቴና የሚለውም ቃል በመንገድ ላይ የእጅ ብረት ነው፤ በጥገና ቤት ግን ብስክሌቱን የሚነዳው ሰንሰለት።

የኢትዮጵያ ብስክሌተኞች በ1949 ዓ.ም. አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልቦርን ኦሎምፒክ ተወዳድረዋል። ቸርኬያቸውን ስላቀኑላቸው ሰዎች ግን ብዙ አልተጻፈም። ይህ ዝምታ የቆየ መሠረት አለው። ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ በ1900 ዓ.ም. ማስነገራቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ያስረዳል። ብረት የሚቀጠቅጠውን የናቀ ኅብረተሰብ ዕውቀቱን ለመጻፍ ብዕር አያነሣም። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ ቃላት የአማርኛ አቻ ለማግኘት ያደረገው ጥረት ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ ዳዶን በሌላ ቃል የሚተካ ሊቅ አስቀድሞ ከጠጋኙ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አንድ ቀን ቢውል ይበጃል።

ተለማማጁ የሚጀምረው ከጎማ ነው። ካላማዳሪውን ነፍቶ በውኃ ሳፋ ውስጥ ይነክርና አረፋ ከሚወጣበት ቀዳዳውን ያገኛል፤ ፍቆ፣ ማስቲሽ ቀብቶ፣ ማስቲሹ እስኪደርቅ መታገሥን ይማራል። ትዕግሥቱ ከሁሉ ይከብደዋል። ቀጥሎ የኩሽኔታ ብዮችን በጋዝ ያጥባል፤ ቸርኬ ማቅናት የሚፈቀድለት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ አንዱን ራጂ ሲያጠብቅ ጎማው በሌላ በኩል እንደሚሸሽ ዐይኑ እስኪለምድ ድረስ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም እጅ ብቻውን የሚሸነፍበት ቦታ አለ። የፔዳሎቹ ዘንግ የሚያልፍበት የቴላዮው ቤት በሁለት የብረት ክዳኖች ይዘጋል። በጣሊያን ልክ የተሠራ ከሆነ ስፋቱ 36 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱም ክዳኖች ወደ ቀኝ ይጠብቃሉ። በእንግሊዝ ልክ ከሆነ 34.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የቀኙ ክዳን ጥርስ ግራ ነው። በጣሊያን ብስክሌት ያደገ እጅ የእንግሊዙን ቀኝ ክዳን እንደ ለመደው ወደ ግራ ሲያዞር በሙሉ ጉልበቱ ያጠብቀዋል፤ ቁልፉ ይስታል፤ የክዳኑ ጠርዝ ይበላል። በዚህ ጊዜ ችግሩን የሚፈታው ጥንካሬ አይደለም፤ በሠንጠረዥ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት። እርሷን አንድ ጊዜ ያነበበ ባለሙያ ለተለማማጁ መጽሐፉን አያሳየውም፤ «የእንግሊዝ ከሆነ ቀኙን ወደ ቀኝ ፍታ» ይለዋል፤ ልጁም ቁልፉን ያነሣል።