የ1876ቱ የአርሲ ውጊያ

የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በ1876 ዓ.ም. (በ1883 እ.ኤ.አ. መጨረሻ) ወደ አርሲ በዘመቱበት ጊዜ የአርሲ ኦሮሞ ተዋጊዎች ድንገት ያደረሱባቸው ጥቃት ነው። ንጉሡ ያመለጡት ለጥቂት ነበር።

ይህን ውጊያ «ዐመፅ» ማለት ተገቢ አይደለም። ምኒልክ ያኔ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሥር የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ አርሲ ግን በገዳ ሥርዓቱ የሚተዳደር፣ ለሸዋ ያልገበረ አገር ነበር። ስለዚህ ተዋጊዎቹ አገራቸውን ይከላከሉ ነበር እንጂ በጌታቸው ላይ አልሸፈቱም።

የሁለቱ ወገን ትጥቅ ፈጽሞ አይመጣጠንም ነበር። የሸዋ ጦር ከውጭ የገባ ጠመንጃ ሲይዝ፣ የአርሲ ፈረሰኛ የሚተማመነው በጦሩ፣ በጋሻውና አገሩን በማወቁ ነበር። በሜዳ ፊት ለፊት መግጠም ለጠመንጃ መጋለጥ ነው፤ ድንገተኛ ጥቃት ግን ጠመንጃው በርቀት ያለውን ብልጫ ያሳጣዋል። ንጉሡን ለሞት ያቀረባቸውም ይኸው ስልት ነበር።

ድሉ አልዘለቀም። የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ዘመቻውን ቀጠሉ፤ በ1878 ዓ.ም. መገባደጃ አዙሌ በተባለ ቦታ አርሲዎች ብዙ ሕዝብ ያለቀበት ከባድ ሽንፈት ደረሰባቸው። ከመሪዎቻቸው የሌንጂሶ ዲጋ ስም እስከ ዛሬ ይነሣል።

የዚያን ዘመን መከራ የሚዘክረው የአኖሌ ሐውልት የቆመው ሄጦሳ ወረዳ ሲሆን፣ የተመረቀው በ2006 ዓ.ም. ነው።