የቱርክ የተባለው ነሐስ

ጉንደ ወይን ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ጸናጽል ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ደብተራው ወዲያና ወዲህ ሲለው ሽቦው ላይ የተሰኩት ቀጫጭን ብረቶች ይንሿሿሉ፤ ከበሮው ከሥር ይቀበላል። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በዚሁ ስም ሌላ መሣሪያም ይጠራል። መዝሙር 150 ላይ ጸናጽል የተባለው እርስ በርሱ የሚጋጭ የነሐስ ሳህን ነው፤ የዛሬ ድራመኞች ሲምባል የሚሉት።

እኔን የሚገርመኝ የዚህኛው ቅጽል ነው። የጃዝ ሰዎች ጠቆር ያለ ድምፅ ሲያምራቸው «የቱርክ ሲምባል» ይላሉ። የቱርክ ነው እንዴ? እ.ኤ.አ. በ1623 ቁስጥንጥንያ ላይ የራሱን ሥራ የከፈተው አቬዲስ አርመን ነበር። ዚልጂያን የሚለው የቤተሰቡ ስም ራሱ ቅይጥ ነው፤ «ዚል» በቱርክኛ ሲምባል፣ «ጂ» ሠሪ፣ «ያን» ደግሞ የአርመኖች የዘር መጠሪያ። የሱልጣኑ ጦር ባንድ መታው፣ አውሮፓ ሰማው፣ ስሙም ለጌታው ሆነ።

ጥቁረቱ ከየት መጣ? ነሐሱ 80 በመቶ መዳብ፣ 20 በመቶ ቆርቆሮ ነው። ቀጠን ተደርጎ በእጅ ሲቀጠቀጥ የመዶሻው ምልክት እኩል አይወጣም፤ የሚጮኸው ቀጭን ድምፅ ይለዝባል፣ ዝቅ ያለው ይጎላል። ቶኒ ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከማይልስ ዴቪስ ጋር ሲጫወት የኢስታንቡሉን ኬ ዚልጂያን ይመታ ነበር። በትሩ ሲያርፍ ጥርት ያለች ጠብታ ትሰማለች፤ ከኋላዋ ጭስ የመሰለ ነገር ይከተላል።

ሠሪዎቹስ? ሌላው አቬዲስ፣ የልጅ ልጆቻቸው ወገን፣ አሜሪካ ተሰዶ እ.ኤ.አ. በ1929 ቦስተን አጠገብ ፋብሪካ ከፈተ። (የእኛው ሙላቱ አስታጥቄ ኋላ ጃዝ የተማረባት ቦስተን!) ከኦቶማን ጭፍጨፋ የተረፉ 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን ደግሞ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም አስመጧቸው፤ የመንግሥቱ የማርሽ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ዘመናዊ ሙዚቃችንን ካቀኑት አንዱ ነው። እኛም ብንሆን ልጆቹን በቁጥር ነው የጠራናቸው፦ «አርባ ልጆች»። ስማቸውን የሚያውቅ ስንቱ ነው?

የኢስታንቡሉ የኬ ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲዘጋ፣ እዚያው ከልጅነታቸው መዶሻ ይዘው ያደጉ ሁለት ሰዎች፣ አርመኑ አጎፕና ቱርኩ መህመት፣ አብረው የራሳቸውን ከፈቱ። አጎፕ እ.ኤ.አ. በ1996 ሞተ፤ ሥራውም ለሁለት ተከፈለ። ዛሬ አንዱ ሲምባል ላይ «ኢስታንቡል አጎፕ»፣ ሌላው ላይ «ኢስታንቡል መህመት» ይነበባል።