የከተማ መስፋፊያ ወጪ ከማን ኪስ ይወጣል? ካሳ፣ ሊዝና የንብረት ግብር በሻሸመኔ ዙሪያ

ሻሸመኔ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚደርስባት መንገደኛ ወደ ሐዋሳና ሞያሌ፣ ወደ ሃላባና ወላይታ ሶዶ፣ አልያም በኮፈሌ በኩል ወደ ባሌ ይታጠፋል። ከተማዋም ያደገችው በእነዚሁ መንገዶች ግራና ቀኝ ነው። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ 52,080 የነበረው የነዋሪዎቿ ቁጥር፣ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 100,454 ሆኖ ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ባይካሄድም፣ የከተማዋ ዳርቻ ወደ በቆሎና ድንች ማሳዎች እየገፋ መሄዱን ለማወቅ ቆጠራ መጠበቅ አያስፈልግም። በ1940ዎቹ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከባሕር ማዶ ለሚመጡ ጥቁር ሕዝቦች የሰጡት መሬት ያኔ ከከተማ ውጭ ነበር፤ ዛሬ ጃማይካ ሰፈር ተብሎ የከተማዋ አካል ሆኗል።

ዳርቻው በገፋ ቁጥር መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ የውኃ መስመርና የቆሻሻ ማስወገጃ ያስፈልጋል። ወጪው ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ሰው መልሱን በአብዛኛው የሚያገኘው እዚያው መሬቱ ላይ ነው። በዚህም ምክንያት ማሳው ለከተማ የሚፈለግበት አርሶ አደርና በከተማ መሐል ቤት ያለው ነዋሪ ሳያውቁት በአንድ ሒሳብ ውስጥ ይገኛሉ።

በኦሮሚያ የከተሞች አስተዳደር በአዋጅ ቁጥር 65/1995 ከተቋቋመ ወዲህ፣ ከተሞች ሁለት ዓይነት ሥራ ተሸክመዋል። እንደ ትምህርትና ጤና ያሉት ከክልሉ መንግሥት በሚመደብ በጀት ይደገፋሉ። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ቦይ፣ ቄራ፣ የእሳት አደጋ መከላከልና ጽዳት ግን የማዘጋጃ ቤት ሥራዎች በመሆናቸው፣ በዋናነት የሚሸፈኑት ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው ገቢ ነው። ከውጭ የመጣ ድጋፍም አለ። ሻሸመኔ እ.ኤ.አ. በ2008 በዓለም ባንክ ገንዘብ ድጋፍ በተጀመረው የከተሞች ልማት ፕሮግራም፣ በተለምዶ ዩኤልጂዲፒ በሚባለው፣ ከታቀፉት የመጀመሪያዎቹ 19 ከተሞች አንዷ ነበረች። ፕሮግራሙ በሁለተኛው ምዕራፍ 44፣ ዩአይአይዲፒ በተባለው ተከታዩ ደግሞ 117 ከተሞችን አቅፏል። ከተሞች በየዓመቱ እየተመዘኑ በውጤታቸው ልክ ገንዘብ ያገኙ ነበር፤ ከራሳቸው ገቢም ድርሻ ያዋጡ ነበር። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው የኮብልስቶን መንገዶችና የጎርፍ ቦዮች ከዚህ ፕሮግራም ሥራዎች መካከል ናቸው። ሆኖም የራሱ ገቢ የሌለው ከተማ ድርሻውን ማዋጣትም ሆነ የተሠራውን መንገድ መጠገን አይችልም።

ከራስ ገቢ ውስጥ ትልቁን ተስፋ የተሸከመው የመሬት ሊዝ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ በኋላ፣ ሊዝ በአዋጅ ቁጥር 80/1986 ተጀመረ። በ1994 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሻለ፤ አሁን የሚሠራበት የሊዝ ሥርዓት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 የተመሠረተ ነው። በዚህ ሕግ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ ይተላለፋል። ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ሲሆን፣ ለከተማ ግብርና 15 ዓመት ብቻ ነው። የቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም፤ ቀሪው በየዓመቱ ይከፈላል።

በሌላው ወገን ያለው አርሶ አደር የሚያገኘው የመሬቱን ዋጋ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም፤ ባለይዞታው የሚካሰው በመሬቱ ላይ ላፈራው ንብረትና ለሚያጣው ገቢ ነው። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997፣ በዘላቂነት ለሚነሳ አርሶ አደር ያለፉትን አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ አሥር እጥፍ ይከፍል ነበር። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን ለወጠ። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ያላገኘ ባለይዞታ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ያገኛል። ለቤት፣ ለአጥር፣ ለዛፍና ለመሳሰለው ንብረት የሚከፈለው ካሳ ከዚህ የተለየ ነው።

ልዩነቱ በተለይ ድንች ለሚያለማ ሰው ቀላል አይደለም፤ የድንች ዋጋ ከዓመት ዓመት ስለሚዋዥቅ አንድ መጥፎ ዓመት አማካዩን ይጎትተዋል። ለአብነት ያህል፣ ሁለት ጥማድ ወይም ግማሽ ሄክታር መሬት ያለው አርሶ አደር በአምስት ተከታታይ ዓመታት 50፣ 70፣ 40፣ 60 እና 80 ሺሕ ብር አግኝቷል እንበል። በቀድሞው ሕግ አማካዩ 60 ሺሕ፣ ካሳው 600 ሺሕ ብር ይሆን ነበር። በአሁኑ ሕግ የመጨረሻው ዓመት 80 ሺሕ ብር በ15 ተባዝቶ 1.2 ሚሊዮን ብር ይሆናል።

ይኸው መሬት ወደ ከተማው ሒሳብ ሲገባ ምን ይሆናል? ከ5,000 ካሬ ሜትር ውስጥ 40 በመቶው ለመንገድና ለአረንጓዴ ቦታ ቢወጣ 3,000 ካሬ ሜትር ይቀራል። ካሬው በ2,000 ብር ሊዝ ቢተላለፍ ጠቅላላው 6 ሚሊዮን ብር ነው። ይህም እንደ በፊተኛው ምሳሌ እንጂ የሻሸመኔ የጨረታ ዋጋ አይደለም። በዚህ ጊዜ አርሶ አደሩ «የእኔ አንድ፣ የከተማው ስድስት» ቢል አይፈረድበትም። ከተማው ግን ከስድስቱ ሚሊዮን ውል ሲፈረም በእጁ የሚገባው በትንሹ 600 ሺሕ ብር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ካሳው ግን ቀድሞ መከፈል አለበት። በዚያ ላይ መንገድ መጥረግ፣ ቦይ መቆፈርና ውኃ መዘርጋት አለ። በምደባ የሚሰጠው ቦታ ደግሞ የጨረታን ያህል አያስገኝም። ስለዚህ ካሳው ለአርሶ አደሩ አነሰ፣ ለከተማው ካዝና ደግሞ በዛ የሚሉት ሁለት አቤቱታዎች አብረው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ።

በዚህ ክፍተት መካከል የሚበቅለው የጨረቃ ቤት ነው። ፕላን ሳይደርስ በውስጥ ውል መሬቱን ቆርሶ ያስተላለፈ አርሶ አደር ገንዘቡን ወዲያው ይቆጥራል፤ ከካሳው የተሻለ ሆኖ ከታየውም ለመጠበቅ ምክንያት የለውም። ገዢው ግን በሕግ የማይጸና ውል ይዞ ይቀራል። ከተማውም በኋላ መንገድ ለማውጣት የተሠራ ቤት ማፍረስ ይኖርበታል፤ ይህም ባዶ ማሳ ላይ መንገድ ከመቀየስ እጅግ የሚበልጥ ወጪና ምሬት ያስከትላል። ይህን ለመቅደም የተሞከረ አሠራር በቅርብ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የከተማ መስፋፋት ፕሮግራም ሙያዊ ድጋፍ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና መቀሌ የማስፋፊያ ፕላን አዘጋጅተዋል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ቤት ከመምጣቱ በፊት የዋና መንገዶቹን ቦታ በአንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ከልሎ መያዝ፣ የቀረውን መሬት ግን እስኪፈለግ ድረስ ለእርሻ መተው።

ተመሳሳይ ችግር ሕንድንም አስጨንቋል። የሕንድ ሪዘርቭ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የከተሞች ፋይናንስ ጥናት፣ የማዘጋጃ ቤቶች ገቢ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት አንድ በመቶ ገደማ ላይ ቆሞ መቅረቱን አመልክቷል። በምዕራብ ሕንድ የምትገኘው ጉጅራት ግን መሬትን ሳትገዛ ከተማ የምታሰፋበት የቆየ ዘዴ አላት። መነሻው እ.ኤ.አ. የ1915 የቦምቤይ የከተማ ፕላን ሕግ ነው። የአንድ አካባቢ ባለመሬቶች ማሳቸውን በአንድነት ለፕላን ያቀርባሉ፤ ከመሬቱ እስከ ግማሽ የሚደርስ ለመንገድ፣ ለመናፈሻ፣ ለአነስተኛ ገቢ ቤቶችና ለሽያጭ ይወሰዳል፤ የቀረው መንገድ የገባለት የከተማ ቦታ ሆኖ ለየባለቤቱ ይመለሳል። አሕመዳባድን የሚዞረው የ76 ኪሎ ሜትር ቀለበት መንገድ መሬት በብዛት የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ዘዴው ማራኪ ቢሆንም በመንግሥት ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው። በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት አማራቫቲ የተባለች አዲስ ዋና ከተማ ለመገንባት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አርሶ አደሮች 13 ሺሕ ሄክታር ያህል መሬት አዋጡ፤ በምላሹ የለማ ቦታና ለአሥር ዓመት የሚቆይ ዓመታዊ ክፍያ ተገባላቸው። በ2019 የግዛቱ መንግሥት ሲለወጥ ግንባታው ቆመ፤ አርሶ አደሮቹም ማሳቸውን ሰጥተው ቦታቸው ሳይለማላቸው ለዓመታት በተቃውሞና በፍርድ ቤት ተንከራተቱ። በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥት በመሆኑ የጉጅራት ሕግ እንዳለ ሊቀዳ አይችልም። ለተነሺው ከገንዘብ ካሳ በተጨማሪ ከለማው ቦታ ድርሻ መስጠት የሚለው ሐሳብ ግን ከባለቤትነት ጥያቄ ውጭ ሊታይ የሚችል ነው።

ሊዝ አንድ ተጨማሪ ድክመት አለው፤ አንድ ቦታ የሚሰጠው አንዴ ነው። ቦታ ሲያልቅ ገቢውም ይደርቃል፤ መንገዱ ግን በየክረምቱ ይቦረቦራል። ነባር ባለቤቶች ሲከፍሉ የኖሩት የቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር በአዋጅ ቁጥር 80/1968 የተመሠረተ በመሆኑ፣ ከዛሬው የንብረት ዋጋ ጋር ግንኙነቱ የላላ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ2015 ዓ.ም. በጋራ ባደረጉት ስብሰባ የንብረት ግብር የመጣል ሥልጣን የክልሎች እንዲሆን ወሰኑ። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የንብረት ግብር አዋጅ ጸደቀ። አዲሱ ግብር ከመሐል ከተማ ባለ ሕንጻው ተገቢውን ከሰበሰበ፣ ከተማው ለዕለት ወጪው ሲል የአርሶ አደር ማሳ ወደ ጨረታ ለማውጣት የሚቸኩልበት ምክንያት ይቀንሳል። በጡረታ ወይም በትንሽ ገቢ የሚኖር ባለቤት ላይ የሚያርፈው ጫና ግን ተመኑን በሚያወጣው አካል ጥንቃቄ ላይ የተመሠረተ ነው።

መሬቱ ለልማት የሚፈለግበት ባለይዞታ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከመነሳቱ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ሊመከር ይገባል። በውሳኔው ቅር ከተሰኘ፣ ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል ማመልከት ይችላል። ስሌቱ ከሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ የሚይዝ በመሆኑ፣ የምርት መጠንን፣ የሽያጭ ደረሰኝንና የኅብረት ሥራ ማኅበር መዝገብን ማቆየት ይጠቅማል። በዓመት ሁለት ጊዜ በመስኖ ድንች የሚያመርት ሰው ማስረጃ ከሌለው፣ ማሳው አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚዘራ ተቆጥሮ ሊገመት ይችላል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም በትክክል መስፈሩም ካሳ ከመቆረጡ በፊት ሊጣራ የሚገባው ጉዳይ ነው።