ወዳጅን ይዞ ማምሸት በአዲስ አበባ

ከሩቅ አገር የመጣ ወዳጅን ይዞ ወደ ከተማ መውጣት፥ አብሮ መብላት፥ ዘፈንና ቴአትር አይቶ አምሽቶ መመለስ ዛሬ እንደ ተራ ነገር ይቈጠራል። ነገር ግን ይህ ልማድ በኢትዮጵያ ዕድሜው ብዙ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ምሽት የቤት ነበረ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከብቱ ወደ በረት፥ ሰውም ወደ ጎጆው ይገባል። በመንገድ የመሸበት ሰው ከደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል፤ ባለቤቱም «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባዋል። እግሩ ይታጠባል፤ እህል ውኃ ይቀርብለታል፤ ወሬውንም የሚጠየቀው ከበላ ከጠጣ በኋላ ነው። ለዚህ ሁሉ ዋጋ መቀበል ትልቅ ነውር ነበረ፤ እንጀራውን ለእንግዳ የሸጠ ሰው ስሙን የሸጠ ያህል ይታማ ነበረ።

ስለዚህ የከተማን ምሽት ታሪክ መመርመር የሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል። ይኸውም፥ ይህ የእንግዳ ሥርዐት ከቤት ወጥቶ እህልና መጠጥ፥ ዘፈንና ጨዋታም ሁሉ በገንዘብ ወደሚሸጥበት አደባባይ በገባ ጊዜ ምን ሆነ? ጠፋ ወይስ ተረፈ? የሚል ነው።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውኃ አጠገብ ቤት ባሠሩ ጊዜ አዲስ አበባ የጦር ሰፈር ትመስል ነበረ። እያንዳንዱ መኰንን በተሰጠው ጉብታ ላይ ቤቱን ሠርቶ ሎሌዎቹን በዙሪያው ያሰፍራል። በሰፈርና በሰፈር መካከል ሜዳና ሸለቆ፥ ወንዝም ነበረ፤ ድልድይ ጥቂት ስለ ሆነ በክረምት ቀበና በሞላ ጊዜ ወዳጅ ከወዳጁ ሳይገናኝ ይሰነብታል። ጅቡም ጨለማን ተገን አድርጎ እስከ ሰው ደጃፍ ይመጣል። ስለዚህ ማታ የግድ መውጣት ያለበት ሰው ፋኖስ የያዘ አሽከር ከፊት አስቀድሞ፥ ዱላ ወይም ጠመንጃ የያዙትን ከኋላ አስከትሎ ይሄድ ነበረ። የእራት እንግዳም ሲነሣ ባለቤቱ ፋኖስና ሰው ጨምሮ እስከ ቤቱ ያሸኘዋል። መሸኘት በዚያን ጊዜ የትሕትና ምልክት ከመሆኑ በላይ ነፍስን መጠበቅ ነበረ።

ለባላገር እንግዳ የከተማይቱ ትልቁ ትዕይንት የቤተ መንግሥት ግብር ነበረ። በዳግማዊ ምኒልክ አዳራሽ በሺህ የሚቈጠር ሰው በተራ በተራ እየገባ ብርንዶ ይቈርጣል፥ ጠጅ ይጠጣል። ይሁን እንጂ ግብር በቀን ነው፤ ተጋባዡም የሚቀመጠው በማዕርጉ ነው። ሁለት ወዳጆች ቦታቸውንና ሰዓታቸውን መርጠው የሚጫወቱበት አልነበረም። እንዲህ ያለውን ምርጫ ያመጣው ገበያው ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ነጋዴውንና መንገደኛውን ሁሉ ስለ ሰበሰበ፥ ዘመድ የሌለው ሰው የሚበላበትና የሚያድርበት ቤት አስፈለገ። የአራዳም ስም እየቈየ ከቦታው አልፎ የሰው ጠባይ መጠሪያ ሆነ፤ የከተማን ብልሃት የሚያውቀው «አራዳ»፥ የማያውቀው ደግሞ «ባላገር» ተባለ።

እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴል በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሥራውን ሲጀምር ለሕዝቡ እንግዳ የሆነበት ከሕንፃው ይልቅ ልማዱ ነበረ። ምግብ አብልቶ ገንዘብ የሚቀበል ቤት መኳንንቱ አላዩም፤ መግባቱንም እንደ ውርደት ቈጠሩት። እንደሚነገረው ዓፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ወደ ሆቴሉ ሄዱ፤ አብረው ከበሉ በኋላም ሒሳቡን ከፍለው ለሌሎቹ መንገዱን ከፈቱ። በዚህ አዲሱ ነገር በአሮጌው ሥርዐት በኩል እንዲገባ አደረጉት፤ ዋጋው ተከፈለ፥ ነገር ግን የከፈለው ጋባዡ ነው፤ እንግዳው እንደ ድሮው በነፃ በላ። ዛሬ ሁለት ወዳጆች በምግብ ቤት ሒሳብ በመጣ ጊዜ «እኔ ልክፈል፤ የለም፥ አይሆንም፥ እኔ ነኝ የምከፍለው» እየተባባሉ አሳላፊውን ግራ የሚያጋቡት ከዚሁ የተነሣ ነው። ለባዕድ ሰው ጠብ የሚመስለው ነገር የቤት ባለቤትነት ክርክር ነው፤ የከፈለው ሰው ለዚያች ምሽት ባለቤት ይሆናልና።

ለብዙኃኑ የከተማ ሰው ግን የምሽት ቤቱ ሆቴል ሳይሆን ጠጅ ቤት ነበረ። ማር በውኃ ተበጥብጦ፥ ጌሾ ገብቶበት፥ በጋን ሰንብቶ የበሰለው ጠጅ በብርሌ ይቀርባል፤ መጠጥ ለማይወድም ጌሾ ያልገባበት ብርዝ አለለት። በዚያ ቤት እንግዳን የሚያከብረው መጠጡ ብቻ አይደለም። አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ይገባል፤ ጋባዡም ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ የወዳጁን ስም፥ አገሩንና ሙያውን ይነግረዋል። ወዲያው እንግዳው በማያውቀው ሕዝብ መካከል ስሙ ሲነሣ፥ ወንዙና ተራራው ሲጠራ ይሰማል። ግጥም የሚያውቅ ሰው ደግሞ «ተቀበል!» ብሎ ቤት ይሰጣል፤ አዝማሪው ቃሉን ተቀብሎ በመሰንቆ ይመልሰዋል። ሰምና ወርቅ ያለው ከሆነ አስቀድሞ ወርቁ የገባው ይሥቃል፤ ያልገባው ወዳጁን ይጠይቃል። ጋባዡም ገንዘብ አውጥቶ በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። እነሆ፥ በሚከፈልበት ቤት ውስጥ ያልተሸጠ ነገር ነበረ፤ ይኸውም የእንግዳው ክብር ነው።

በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ የእንግዳው ዐይነትና ብዛት ተለወጠ። በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረውን መንገድ ባቡሩ ሌሊት በድሬ ዳዋና በአዋሽ እያሳደረ በሦስት ቀን ይጨርሰው ጀመረ። ከሐረርና ከድሬ ዳዋ የሚመጣው ወዳጅም የባሕር ማዶን ወሬ የሰማ ነበርና፥ በከተማይቱ አዲስ ነገር አሳዩኝ ማለቱ አልቀረም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያዩአቸውን 40 ወላጅ የሌላቸው የአርመን ልጆች ለሙዚቃ አስመጡ፤ መምህራቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበረ። ከዚያ ወዲህ የነሐስ መለከት ድምፅ በአደባባይ ይበልጥ የሚሰማ ሆነ።

ሲኒማን ግን ሕዝቡ በቶሎ አልተቀበለውም። ዳግማዊ ምኒልክ በቤተ መንግሥታቸው ተንቀሳቃሽ ሥዕል አስቀድመው አይተው ነበረ፤ በከተማይቱ ለሕዝብ የተከፈተው የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ግን «የሰይጣን ቤት» የሚል ስም ወጣለት። በጨለማ ክፍል ውስጥ ደም የሌለው ሰው ሲራመድና ፈረስ በግድግዳ ላይ ሲጋልብ ያየ ሰው ሌላ ስም ሊያወጣለት አልቻለም። ነገር ግን ፍርሃትም የገዛ ራሱ መድኃኒት አለው፤ ብቻውን ለመግባት የማይደፍር ሁሉ ከወዳጁ ጋር ይገባልና። ባላገሩ በአራዳው ታምኖ ገባ፤ አራዳውም በባላገሩ መደነቅ የራሱን ፍርሃት ሸፈነበት።

ቴአትርም ሲጀመር ችግር ገጠመው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከአውሮፓ ተመልሰው የጻፉት የአውሬዎች ኮሜዲያ በሆቴል ለመኳንንቱ ታየ። አውሬዎቹ የሚናገሩት ስለ ሰው አስተዳደር ነበረና፥ መዝናኛው ተግሣጽ ሆኖ ስለ ተገኘ ተከለከለ። እንዲህ ከሆነ በኋላ ቴአትር ለአያሌ ዓመታት በትምህርት ቤት ልጆች ብቻ ተወስኖ ቈየ።

በሐምሌ 1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ጣልያን ጦሩን በድንበር ላይ እያከማቸ ነበረ። ማኅበሩ በምኒልክ አደባባይ ሕዝቡን እየሰበሰበ ንግግር፥ መዝሙር፥ ቀረርቶና ፉከራ ያሰማ ጀመረ። ዘፈን ለመስማት ወዳጁን ይዞ የወጣ ሰው የአገሩን ጥሪ ሰምቶ ተመለሰ። ሦስት ወር ሳይሞላ፥ በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር ድንበር ተሻገረ፤ በሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገባ።

በወረራው ዓመታት የከተማይቱ ምሽት ከሁሉ የከፋውን ጊዜ አየ። ጣልያኖች ሲኒማ ቤትና ቡና ቤት ሠሩ፤ መብራትና መንገድም አበዙ፤ ዳሩ ግን የቀለም ልዩነት ሕግ አውጥተው ነጩንና ጥቁሩን በመኖሪያ፥ በመብልና በመዝናኛ ለዩ። አዲስ አበቤው ወዳጁ በመጣበት ጊዜ በተወለደበት ከተማ ውስጥ «ወደዚያ ቤት አንገባም» ሊለው ተገደደ። ለሰው ቤት አለመኖሩ ችግር ነው፤ በገዛ ቤቱ እንግዳውን ማስተናገድ አለመቻሉ ግን ከችግር በላይ ውርደት ነው። የአዲስ አበባ ምሽት የነፃነት ጉዳይ መሆኑ በእነዚያ 5 ዓመታት ተገለጠ።

ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ የሀገር ፍቅር ማኅበርም ተመለሰ፤ መድረክም ተሠራለት። የመሰንቆ፥ የክራርና የዋሽንት ተጫዋቾች በአንድነት ተቀምጠው ያሰማሉ፤ እዮኤል ዮሐንስ ቴአትር ይደርሳሉ። ሴት በመድረክ መታየቷ ነውር ስለ ነበረ ወንዶች የሴት ልብስ ለብሰው የሚጫወቱበት ጊዜ ነበረ፤ ኋላ እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉት ሴቶች በክራራቸውና በተውኔታቸው ያን ነውር አስረሱ። ጥላሁን ገሠሠም ከዚሁ ቤት ወጥቶ ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል አለፈ። ጣልያኖች ሲኒማ ይሆናል ብለው የጀመሩት ሕንፃ ደግሞ ተጨርሶ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ፤ የመጀመሪያውም ተውኔት የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበረ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ይህ ነው። ባዕድ ለራሱ ሊዝናናበት ያሰበው ቤት የአገሬው ሰው ከጎጃም ወይም ከወለጋ የመጣ ወዳጁን ይዞ የሚገባበት ሆነ።

የደስታ ቤት ሲበዛ ፈተናውም አብሮ በዛ። የደጃች ውቤ ሰፈር በመጠጥ ቤቶቹ ብዛት «ውቤ በረሃ» ተባለ። በረሃ መባሉ ያለ ምክንያት አይመስልም፤ በበረሃ መንገድ የሚጠፋበት ሰው እንዳለ ሁሉ በዚያም ገንዘቡን፥ ጤናውንና ትዳሩን ያጠፋ ብዙ ነበረና። እንግዳውን አከበርሁ ብሎ ከዐቅሙ በላይ ያወጣ ሰው በማግሥቱ ቤተ ሰቡን ያስርባል፤ ወዳጁን አስክሮ በጨለማ የሚለቅ ሰውም አንድ ሌሊት በፊት ጅብ ይበላው ከነበረው መንገድ ላይ ጣለው ማለት ነው።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ዐዋጅ ምሽቱን ዘጋው። ሰዓቱ ከደረሰ በኋላ በመንገድ የተገኘ ሰው ሕይወቱን ያሠጋ ነበረና፥ ሰው ወይ በጊዜ ይገባል፥ ወይም የገባበት ቤት በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ ይቈያል። ወዳጅ በቤት የመጣበት ሰው በዚያ ዘመን «ሳይመሽብህ ሂድ» ከማለት ይልቅ «እደር» ይል ነበረ። የጥንቱ የመሸበት እንግዳ በኤሌክትሪክ መብራት ሥር ተመለሰ ቢባል ሐሰት አይደለም።

ያ ዐዋጅ ከደርግ ጋር ካለፈ በኋላ በካዛንቺስ የአዝማሪ ቤቶች በዙ፤ «ተቀበል!» የሚለው ቃልም ከከተማ ወደ ውጭ አገር ለተሰደደው፥ ለዕረፍትም ለሚመለሰው ወዳጅ ተሰማ። ቤቶች ግን አላፊ ናቸው። የእቴጌ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ደርሶበት ከዚያ በኋላ ታደሰ፤ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. የፒያሳና የካዛንቺስ ብዙ ክፍል ለልማት ፈረሰ። ልጅ ሆኖ ያየውን ጠጅ ቤት ለወዳጁ ሊያሳይ የሄደ ሰው ሰፊ ጎዳና ያገኛል።

እንግዲህ ከላይ ወደ ተጠየቀው ብንመለስ፥ የእንግዳ ሥርዐት ወደ ገበያ በገባ ጊዜ አልጠፋም። ሆቴሉን ጋባዥ ከፈለበት፤ ጠጅ ቤቱን አዝማሪ አከበረው፤ ሲኒማውን ወዳጅ ወዳጁን ይዞ ደፈረው፤ በወረራው ጊዜም የሥርዐቱ መከልከል ከሌላው በደል ጋር ተቈጠረ። ይህን ሁሉ ያቈየው ሕንፃ አይደለምና ሕንፃ ሲፈርስ አይፈርስም። የሚፈርሰው ጋባዡ ባለቤትነቱን በረሳ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከተማ ያለው ሰው እንግዳ ወዳጁ በመጣበት ማታ በዐቅሙ ይጋብዘው፤ የሚያዝናና ብቻ ሳይሆን የሚወራ ነገርም ያሳየው፤ ሲጨርስም ከደጅ አያሰናብተው። ፋኖሱ ቢቀርና መኪና ቢተካውም፥ ወዳጅን አምሽቶ በደኅና እስከሚያድርበት ቤት የማድረስ ዕዳ ዛሬም በጋባዡ ላይ ነው።