የሻምበል ቶም ምልልስ

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና የአንድ እንግሊዛዊ አዛውንት ታሪክ ላውጋችሁ። ዘመኑን የምቆጥረው በእነርሱ አቆጣጠር ነው።

ቶማስ ሙር በ1920 ዮርክሸር ውስጥ ተወለዱ። የምህንድስና ሙያ በመልመድ ላይ ሳሉ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደረሰና በ1940 ለውትድርና ተጠሩ፤ ከዚያም ባሕር አቋርጠው ህንድ ገቡ፤ ከልጅነታቸው ሞተር ብስክሌት ይወዱ ነበርና እዚያ ለወታደሩ የሞተር ብስክሌት ሥልጠና እንዲያቋቁሙ ታዘዙ፤ ከዚያም ወደ በርማ፣ አራካን ወደሚባለው አገር ዘመቱ። አራካን ክረምቱ ሲገባ ሰማዩ ለወራት የሚያፈስበት፣ ምድሩ ጭቃ ብቻ የሚሆንበት ነው። እዚያም በዴንጊ ትኩሳት ወድቀው ተነሡ።

በሻምበልነት ማዕረግ አገራቸው ሲመለሱ ጓዶቻቸውን አልረሱም። የሬጅመንታቸውን ሰዎች በየዓመቱ እየጠሩ ከ60 ዓመት በላይ አገናኙ። ማኅበር የደገሰ ያውቀዋል፤ ለአንዲት ቀን እንኳ ስንት ደጅ ይጠናል! ለእኔ ከሜዳሊያቸው ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል።

ኑሯቸው ንግድ ነበር። የጣሪያ ዕቃ ሸጡ፤ ከዚያም ማርች በምትባል ትንሽ ከተማ የኮንክሪት ፋብሪካ አስተዳደሩ፤ ኋላም ከሌሎች ጋር ሆነው ገዙት። ባለቤታቸው ፓሜላ የመርሳት ሕመም ይዟቸው መጦሪያ ቤት ሲገቡ፣ ሰውየው በየቀኑ ሄደው ይጠይቋቸው ነበር፤ ይህን ሲያደርጉ ካሜራ የያዘ ማንም አልነበረም። ፓሜላ በ2006 ካረፉ በኋላ ሰውየው ወደ ልጃቸው ቤት፣ ቤድፎርድሸር ሄዱ። በ2018 ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ሐኪሞችና ነርሶች አስታመሟቸው።

ከዚያም ኮሮና መጣ፤ ሰው ሁሉ ደጁን ዘጋ። መቶኛ ልደታቸው ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ ሽማግሌው ለሐኪሞቹ አንድ ሺህ ፓውንድ እንሰብስብ ብለው፣ ኮታቸው ላይ ሜዳሊያቸውን ደርድረው፣ ባለጎማ መደገፊያቸውን ይዘው ከደጃቸው ወጡ። ሃያ አምስት ሜትር የምትሆነውን ግቢ መቶ ጊዜ ሊመላለሱባት! ያ ሚያዝያ እንግሊዝ በመዝገብ ከያዘቻቸው ሚያዝያዎች ሁሉ ፀሐያማው ነበር። ቀስ፣ ደግሞ ቀስ፣ ከዚያ ዞር፣ ከዚያ እንደገና ቀስ። ወሬው አገር አዳረሰ፤ ሚያዝያ 16 ቀን የመጨረሻውን ዙር ሲጨርሱ የዮርክሸር ሬጅመንት ወታደሮች ግራና ቀኝ ተራርቀው ቆመው አጀቧቸው። የልደታቸው ዕለት ሲመሽ የተሰበሰበው ገንዘብ ከ32 ሚሊዮን ፓውንድ አልፎ ነበር፤ የመልካም ልደት ካርዱም ከ150,000 በልጦ የትምህርት ቤት አዳራሽ ሞላ።

በሐምሌ ንግሥት ኤልሳቤጥ በአባታቸው በንጉሥ ጆርጅ ሰይፍ የሽማግሌውን ትከሻ ነክተው ሰር አሏቸው። በየካቲት 2021 ሽማግሌውም ኮሮና ይዟቸው ቤድፎርድ ሆስፒታል ውስጥ አረፉ።

አንድ መራራ ነገር አለ፤ ደብቄ አላልፈውም። በስማቸው በተቋቋመው በጎ አድራጎት ላይ ተቆጣጣሪው ኮሚሽን መርምሮ በ2024 ቤተሰባቸው ከስማቸው ተጠቅሟል ሲል ወቀሰ። በእግራቸው የሰበሰቡት 32 ሚሊዮን ግን በዚያ ምርመራ ውስጥ አልነበረም፤ እርሱ ለሆስፒታሎቹ በጎ አድራጎቶች ገብቷል።