ለቺካጎ እንግዶች የተሰጠ ምክር፣ ከ1916 እስከ 1922

ወደ አንድ ከተማ ለመኖር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ምን ማወቅ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ በአሜሪካ ሚድዌስት፣ ማለትም በታላላቆቹ ሐይቆችና በላይኛው የሚሲሲፒ ወንዝ ዙሪያ በተዘረጋው የአገሪቱ መካከለኛ ሰሜናዊ ክፍል፣ እጅግ አንገብጋቢ ሆኖ ከተነሣባቸው ጊዜያት አንዱ ከ1916 ጀምሮ (ዓመታቱና ቀናቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የደቡብ ጥቁር አሜሪካውያን በባቡር ወደ ቺካጎ መጉረፍ ሲጀምሩ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ታላቁ ፍልሰት የሚሉትና እስከ 1970 ገደማ ስድስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ከደቡብ ያስወጣው ይህ ጉዞ፣ በ1910 ከ44,103 የማይበልጠውን የቺካጎን ጥቁር ነዋሪ በ1920 109,458 አደረሰው። ለእነዚህ እንግዶች ጋዜጣውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የበጎ አድራጎት ማኅበሩም ምክር አላጡላቸውም፤ ይሁን እንጂ የተመከሩት ነገር ሊያውቁት ከሚገባቸው ከዋናው ጉዳይ ራቅ ያለ ነበር።

የፍልሰቱ አንዱ መነሻ የአውሮፓ ጦርነት ነው። በ1914 1.2 ሚሊዮን ያህል የነበረው ወደ አሜሪካ የሚገባ ስደተኛ በጦርነቱ ምክንያት በተከታዩ ዓመት ወደ 327,000 ገደማ ስላሽቆለቆለ፣ የቺካጎ ቄራዎች፣ የሥጋ ማሸጊያ ፋብሪካዎችና የብረት ማቅለጫዎች እስከዚያ ድረስ እምብዛም የማይቀጥሯቸውን ጥቁር ሠራተኞች መፈለግ ጀመሩ። በደቡብ በኩል ደግሞ ገበሬው ዘርና ስንቅ ከባለመሬቱ እየተበደረ ምርቱን በሚያካፍልበት የእኩል አራሽነት ሥርዓት በዕዳ ታስሮ ይኖር ስለነበር፣ ጥጡን የሚያጠፋ ጥንዚዛ አዝመራውን ሲያወድምበት፣ የዘር መድልዎ ሕግ ከምርጫ ሲያስወጣው፣ የመንጋ ግድያም ሕይወቱን ሲያሰጋው፣ ከሉዊዚያናና ከሚሲሲፒ ተነሥቶ ቺካጎ የሚደርሰው የኢሊኖይ ሴንትራል ባቡር ማምለጫው ሆነ።

የከተማይቱን ወሬ በየመንደሩ ያደረሰው ከሁሉ በላይ በጆርጂያ የተወለደው ሮበርት አቦት በ1905 የመሠረተው ቺካጎ ዲፌንደር የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ ሲሆን፣ ወደ ደቡብ ካደረሱትም ሰዎች መካከል ፑልማን ፖርተር የሚባሉት፣ በመኝታ ባቡሮች ላይ ተሳፋሪ የሚያስተናግዱ ጥቁር ሠራተኞች ይገኙበታል። አንዱ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ፣ ማንበብ ለማይችለውም ይነበብለት ነበር። የደቡብ ጋዜጦች ወደ ሰሜን የሄደ ሁሉ በብርድ ያልቃል እያሉ ሲያስፈራሩ፣ ዲፌንደር በነጻ አየር በብርድ መሞት በመንጋ እጅ ከመሞት ይሻላል የሚል ብርቱ መልስ ሰጠ። ሠራተኛው እየኮበለለ ያስቸገራቸው የደቡብ ባለሥልጣናትም የሠራተኛ ደላሎችን በከባድ ክፍያ ለማገድ ሞክረው፣ የጆርጂያዋ ሜከን ከተማ ለፈቃዱ 25,000 ዶላር እስከ መጠየቅ ደርሳለች። ጋዜጣው ግንቦት 15 ቀን 1917ን የታላቁ የሰሜን ጉዞ ቀን አድርጎ ሲያውጅ፣ ብዙ ሰው በዚያ ቀን በርካሽ ዋጋ የሚጭን ልዩ ባቡር ያለ መስሎት ስለ ዋጋው እየጻፈ ጠየቀ፤ ጋዜጣው ግን ያዘጋጀው ባቡር አልነበረም። ተስፋው እንዲህ በግልጽ ሲነገር ዝርዝሩ በድፍኑ መታለፉ የአቦት ጋዜጣ ትልቅ ጉድለት ነበር፤ ያም ሆኖ ለሰው ልጅ ክብር የሠራው ሥራ ከጉድለቱ እንደሚበልጥ መመስከር ተገቢ ነው።

ከደቡብ የተጻፉት ደብዳቤዎች ለዚህ ታሪክ ከማናቸውም ምንጭ የላቀ ዋጋ አላቸው። ቀድሞ የታዋቂው የጥቁሮች መሪ የቡከር ቲ. ዋሽንግተን ጸሐፊ የነበረው ኤሜት ስኮት ሰብስቦ በ1919 በአንድ የጥቁሮች ታሪክ መጽሔት ላይ ባሳተማቸው በእነዚህ ደብዳቤዎች፣ አንጥረኛው፣ አናጢው፣ የቤት ሠራተኛዋና አስተማሪው ስለ ሥራው ዓይነት፣ ስለ ደመወዙ፣ ስለ ኪራዩ፣ ስለ ልጆች ትምህርት፣ የባቡር ዋጋ በቅድሚያ ከፍሎ በኋላ ከደመወዝ የሚቆርጥ አሠሪ ስለ መኖሩ ይጠይቃሉ። አንዳንዶቹ ደብዳቤያቸው በጋዜጣ እንዳይወጣ አጥብቀው ይማጸናሉ፤ ለመሄድ ማሰቡ ብቻ በአካባቢያቸው አደጋ ያመጣባቸው ነበርና። ከዚህ የጠራና የበሰለ ጥያቄ ከማን ይጠበቃል?

ከተማይቱ የሰጠችው መልስ ግን ሌላ መልክ ነበረው። በ1916 የተቋቋመውና ለእንግዶች ሥራና ማረፊያ በማፈላለግ በእርግጥ ብዙ የደከመው ቺካጎ ኧርባን ሊግ የምክር ካርዶችን ያድል፣ ዲፌንደርም የሚደረገውንና የማይደረገውን እየዘረዘረ ያትም ነበር። በአደባባይ ሽርጥ ታጥቆና የቤት ጫማ አድርጎ አለመውጣት፣ በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ጮክ ብሎ አለማውራት፣ በባዶ እግር ደጅ አለመቀመጥ፣ ልጆችን ከትምህርት ቤት አለማስቀረት ከምክሮቹ መካከል ናቸው። የእርሻን ወቅት እንጂ የፋብሪካን ሰዓት ለማያውቅ ሰው በሰዓቱ ስለ መገኘት የተነገረው ጠቃሚ እንደነበር አያከራክርም። አብዛኛው ግን ከፍርሃት የመነጨ ነው፤ ቀደምት ሰፋሪዎች ይባሉ የነበሩት ነባሮቹ ጥቁር ነዋሪዎች በብዙ ጥረት ያገኙት መጠነኛ ክብር በእንግዶቹ ጠባይ ይጠፋብናል ብለው ይሠጉ ነበር።

በካርዱ ላይ ያልሰፈረው የቤት ጉዳይ ነበር። እንግዳው የሚያርፈው ብላክ ቤልት በሚባለው፣ በስቴት ጎዳና አካባቢ ወደ ደቡብ በተዘረጋ ጠባብ ሰፈር ነው፤ ሕዝቡ ከእጥፍ በላይ ሲጨምር ሰፈሩ በዚያው ልክ ሊሰፋ ስላልተፈቀደለት፣ አሮጌ ቤቶች እየተከፋፈሉ በውድ ይከራዩ ጀመር። ከሰፈሩ ወሰን አልፎ ቤት ለሚገዛ ጥቁርና ለሚሸጥለት ደላላ ቦምብ የሚጠብቀው ሲሆን፣ ከሐምሌ 1917 እስከ መጋቢት 1921 ባለው ጊዜ 58 እንዲህ ያሉ ፍንዳታዎች ተመዝግበዋል። ወሰኑ ከተማይቱን በሚያዋስነው ሐይቅ ዳርቻ ሳይቀር ጸንቶ ስለነበር፣ ሐምሌ 27 ቀን 1919 የ17 ዓመቱ ዩጂን ዊልያምስ ሲዋኝ ሳያስበው የማይታየውን መስመር ተሻግሮ፣ አንድ ነጭ በወረወረው ድንጋይ ምክንያት ሰጥሞ ሞተ። ፖሊስ የተከሰሰውን ሰው ለመያዝ እምቢ ባለ ጊዜ በተነሣው ሁከት 38 ሰዎች፣ 23 ጥቁሮችና 15 ነጮች፣ ተገደሉ፤ 537 ቆሰሉ፤ 1,000 ያህል ሰዎችም ቤት አልባ ሆኑ። ሁከቱን እንዲመረምር የተቋቋመውና ከስድስት ጥቁሮችና ከስድስት ነጮች የተውጣጣው አጣሪ ኮሚሽን፣ የኧርባን ሊግ የጥናት ኃላፊ በነበረው በቻርልስ ጆንሰን ታላቅ ድርሻ አዘጋጅቶ በ1922 ባወጣው ዳጎስ ያለ መጽሐፍ የቤቱን፣ የኪራዩን፣ የሥራውንና የፖሊሱን ሁኔታ ሰፈር በሰፈር አስረዳ። ለእንግዳው ከመነሣቱ በፊት ሊነገረው የሚገባው ይህ ነበር፤ የወጣው ግን ፍልሰቱ ከጀመረ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ያውም ደም ከፈሰሰ ወዲያ ነው። መጽሐፉ ወሰኑን አላፈረሰውም፤ ባለቤቶች ቤታቸውን ለጥቁር እንዳይሸጡ ወይም እንዳያከራዩ እርስ በርስ የሚገቡት ውል በቺካጎ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ማስፈጸም እንደማይችሉ የወሰነው በ1948 ነው።

አዲስ ገቢ ምን ማወቅ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ የእኛንም ሰዎች ይመለከታል፤ በዚህችው ቺካጎ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በ1984 የራሳቸውን ማኅበር መሥርተው ለአዲስ ገቢዎች ሥራ፣ ቤትና የቋንቋ ትምህርት ሲያመቻቹ ኖረዋል፤ በሌሎቹ የሚድዌስት ከተሞች በሚኒያፖሊስና በኮሎምበስም ብዙ ወገን ሰፍሯል። የደቡብ ሰዎች ጥያቄ እስከ ዛሬ የሚነበበው አንድ ሰው ደብዳቤዎቹን ሰብስቦ በማሳተሙ ነው። የኢትዮጵያውያኑ ጥያቄና መልስ ግን በአብዛኛው በስልክ የተነገረ በመሆኑ፣ ቀድመው የገቡት በሕይወት ሳሉ ስለ ኪራዩ፣ ስለ ክረምቱ፣ ስለ መጀመሪያ ሥራቸውና ስላልተነገራቸው ነገር የሚያስታውሱትን ማኅበራቱና አብያተ ክርስቲያናቱ፣ መስጊዶቹም ጭምር፣ ሳይውል ሳያድር በድምፅና በጽሑፍ ሊያስቀሩት ይገባል።