የቈላ ንዳድና የበርሜል ውሃ

አዋሽ ከደጋ ምንጩ ወርዶ የአፋርን ምድር ካቋረጠ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአፋምቦ አገር ሐይቅ ከሐይቅ እየመላ ሄዶ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ስለዚህ ውሃ አባቶቻችን የነበራቸው ሕክምና አንድ ቃል ነበር፤ ይኸውም ክረምቱ ሲወጣ በቈላ ወንዝ ዳር አትደር የሚል ነው። በሽታውንም ንዳድ አሉት፤ ነደደ ካለው ግሥ የወጣ ነውና ስሙ ራሱ የታማሚውን ገላ ይናገራል። ትንኟን አላወቋትም፤ ጊዜዋንና ስፍራዋን ግን ዐውቀውባት ነበር። ይህ ምክር ግን መሸሻ ደጋ ላለው ሰው ነው፤ ቈላው ቤቱ የኾነው የአፋር አርብቶ አደር ስለ ሣር ሲል ከብቱን ከወንዙ የሚያርቅበት ወራት ቢኖርም፥ ተመልሶ መውረዱ አይቀርም።

ደጋውም ቢኾን ዘወትር መጠጊያ አልኾነም። በ1958 (የሐኪሞች መዝገብ በአውሮፓ አቈጣጠር ስለ ኾነ እኛም እርሱን እንከተላለን) ወባ ወደ ከፍተኛው አገር ወጥታ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳመመች፤ 150,000 የሚኾን ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል። በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቁሞ በየቤቱ ዲዲቲ ይረጭ ዠመር፤ ለታማሚውም ክሎሮኪን ይሰጥ ነበር።

ክሎሮኪንን የሚቋቋመው ወባ ግን በሩቅ ምሥራቅ እስያ ተነሥቶ ወደ አፍሪካ ተሻገረ። እንግዲህ በታይላንድ ዳርቻ የተፈጠረ ነገር በእኛ ገጠር ያለውን የአልባሽ መድኃኒት ከንቱ አደረገው። በ2004 አገራችን ኳርተም የሚባለውን መድኃኒት ተቀበለች፤ ኃይሉም ቻይናዎች ከአንድ ቅጠል ካወጡት ነገር ነው። ያ ቅጠል የእኛ የአሪቲና የጭቁኝ ዘመድ ነው። ዘመድ ነው ብሎ አሪቲ ቀቅሎ ለወባ መጠጣት ግን አይገባም፤ ወንድም በወንድሙ ስም አይሾምምና።

እስከዚህ ድረስ የተለወጠው መድኃኒቱ ነበር፤ የሽማግሎቹ ጊዜና ስፍራ ግን እንደ ጸና ነበር። እርሱን ያፈረሰችው ሌላ ትንኝ ናት። ስሟ አኖፌሊስ ስቴፈንሲ ይባላል፤ አገሯ ሕንድና አካባቢው ነው። በ2012 በጂቡቲ ከተማ ተገኘች። በዚያ ዓመት በጂቡቲ የተመዘገበው የወባ ታማሚ 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ከ73,000 በላይ ኾነ። በ2016 በቀብሪ ደሀር ታየች፤ ወዲያው ደግሞ ከጂቡቲ በሚመጣው ጐዳና ላይ ባሉት ከተሞች፥ በሰመራና በአዋሽ ሰባት ኪሎ፥ እንዲሁም በድሬዳዋ ተገኘች። በ2022 በድሬዳዋ ወባ የተነሣው በደረቁ ወራት ነበር።

የዚህች ትንኝ ክፋት ዝናምን አለመጠበቋ ነው። የቀድሞይቱ በኩሬና በወንዝ ዳር ትራባ ነበር፤ ይህች ግን በበርሜል፥ በውሃ ጋንና በግንብ ሥራ ጕድጓድ ትወልዳለች። ውሃ በሚቸግርበት በረሃ ውሃን በቤት የማያጠራቅም ማን አለ? ስለዚህ የቤተ ሰብ ጤና የሚጠብቅ ሐኪም ወይም የጤና ሠራተኛ፥ ታማሚው ወንዝ ዳር አላደረም፥ ወሩም የንዳድ ወር አይደለም ብሎ ደሙን ሳይመረምር ቢሰድደው ይሳሳታል። ቀድሞ ወዴት ሄደህ ነበር ይባል ነበር፤ አኹን የቤትህ በርሜል ክዳን አለውን ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። ውሃውን ድፉ ማለት ግን በዚያ አገር ምክር አይደለም፤ በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥብቆ ማሰር፥ በየሳምንቱም አጋብቶ ማጠብ ይቻላል።

የአፋር ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ዳጉ የሚሉት ሥርዐት አላቸው፤ ተቀምጠው የሣሩን፥ የዝናሙን፥ የጸጥታውንና የበሽታውን ወሬ ሳይለዋወጡ አይለያዩም። በበጋ ወር በአንድ መንደር ትኵሳት መነሣቱ ከአፋምቦ እስከ ሰመራ በዚህ መንገድ ሊሰማ ይችላል፤ የሚቀረው ወሬው ከሕክምናው ቤት መዝገብ እንዲገባ የሚያደርግ ሰው ነው።